በርበሬው ከበዛ ድስቱ ይፈነዳል

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስልክ ሲጮኽ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጥቁር ልብሱ የት እንደተሰቀለ ነው። የደወለው ግን የአጎቴ ልጅ ነበር፣ ከአሜሪካ፣ ከኮሎራዶ። ዲቪ ደርሶት ከሄደ 20 ዓመት አልፎታል፤ የሰዓት ልዩነቱን ግን እስካሁን አልተቀበለውም። እሱ ራቱን በልቶ እግሩን ሰቅሏል። እኔ ዘንድ የመካኒሳ አቦ ድምፅ ማጉያ ገና ጉሮሮውን እየጠረገ ነው።

«ጋሼ፣ ፕሬስ ልገዛ ነው» አለኝ። «አንተ ዕድሜህን ሙሉ ፕሬስ ውስጥ የኖርክ ሰው ነህ። የቱ ይሻለኛል?»

እንቅልፌ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ማተሚያ ቤት ውስጥ 28 ዓመት በአራሚነት ሠርቶ ጡረታ የወጣን ሰው ስለ ፕሬስ ምክር መጠየቅ፣ ደብተራን «እስቲ አንድ ጉባኤ ቃና» እንደ ማለት ነው። ዲያስፖራ ሃምሳ ዓመት ሲጠጋው ወይ ምግብ ቤት ይከፍታል፣ ወይ ፎቅ ይጀምራል፣ ወይ ጋዜጠኛ ይሆናል፤ የእኛው ሦስተኛው ደርሶበታል ብዬ ምክሬን አዘነብኩት። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ሲወጣ አዲስ አበባ ላይ ጋዜጣ እንዴት እንደ አሸን እንደፈላ፣ ስንቱን እኔው አርሜ እኔው እንደቀበርኩ፣ ወረቀት ምን ያህል እንደተወደደ፣ ያልተሸጠ ጋዜጣ መጨረሻው ቆሎ መጠቅለያ እንደሆነ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ሳልተነፍስ ተናገርኩ።

«ጋሼ» አለኝ ዝም ስል። «የጋዜጣ አይደለም። የጥይት ነው።»

ጎኔ የተኛችው ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ቁጭ አለች።

ለነገሩ ማተሚያና ጥይት ሲደባለቁብኝ እኔ የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም። አፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊያስተምሩ ከአውሮፓ የመጡትን ሚስዮናውያን ሰብስበው ጋፋት ላይ መድፍ አስቀልጠዋቸዋል። ዛሬ ምስሉ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የተጎለተው ሴባስቶፖል የተሠራው መጽሐፍ ቅዱስ ሊያድሉ በመጡ እጆች ነው። እነሱም በጊዜው «እኛ የመጣነው ለሌላ ነበር» ሳይሉ አይቀሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአጎቴ ልጅ በዓመት አንዴ፣ ከነቢያት ጾም በፊት፣ ፈቃድ አውጥቶ ኤልክ የሚባል ፈረስ የሚያክል አጋዘን ያድናል። (ባለቤቴ ይህን በሰማች ጊዜ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ባርኮ ነው የሚያርደው?») በኮሮና ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ጥይት ከሱቅ መደርደሪያ ጠፋ። እዚህ ዘይት ሲጠፋ እንደምናደርገው ሰው ተሰለፈ፣ ያገኘ አከማቸ። ያኔ ነው የአደን ጓደኞቹ ጭንቀት እንደሌለባቸው ያስተዋለው። ተኩሰው ሲያበቁ ጎንበስ ብለው ቀለሃቸውን ይለቅማሉ፣ ቤት ወስደው መልሰው ይሞሉታል።

ጥይት እኮ አራት ነገር ነው። ናሱ ቀለህ፣ ከቂጡ የምትቀመጥ እሳት ጫሪ ቆብ፣ ባሩድና አረር። ሲተኮስ ቆቧ ትሞታለች፣ ባሩዱ ይነዳል፣ አረሩ መንገዱን ይሄዳል፤ ቀለሁ ግን አለ። ችግሩ ከግፊቱ የተነሳ ማበጡ ነው፤ ወደ ልኩ ለመመለስ በወፍራም ብረት ቅርጽ ውስጥ ገፍቶ ማስገባት ያስፈልጋል። የጠመንጃ ቀለህ ደግሞ ረጅምና ግትር ስለሆነ በእጅ አይገፋም። ለዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ ረጅም እጀታ ያለው መጫኛ አላቸው። ፕሬስ የሚሉት እሱን ነው።

«በአቦ ደጅ ተቀምጠህ» አለች ባለቤቴ ስልኩ ሲዘጋ፣ «በዚህ ሌሊት ጥይት ጥይት ትላለህ?»

እውነቷን ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሳና ከ60 ነብር ጋር የኖሩ አባት ናቸው። በ5 በ5 ደጃቸውን የምንስም ሰዎች ስለ አደን ጥይት ስናማክር ብንሰማ ምን ይባላል? ከሰማዩም ይልቅ የምድሩ ያሳስባታል። የአጎቴ ልጅ ባለበት አገር ሰው ለራሱ ቀለህ ቢሞላ ሹራብ እንደ መሥራት ያለ የቤት ሙያ ነው። እኛ ዘንድ ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ ጥይት የሚሠራን ሰው «ባለሙያ» ብሎ አይጠራም። ስለዚህ ባለቤቴ ወደ ማድቤቷ ሄዳ የምስጢር ቋንቋ አበጀችልን። ባሩድ በርበሬ ሆነ። አረር ለውዝ፣ ቆቧ ጥቁር አዝሙድ፣ ቀለህ ስኒ፣ ፕሬሱ ምጣድ፣ ጠመንጃው ድስት።

ቋንቋው የተመረቀው ከሳር ቤት ወደ አቦ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። የአጎቴ ልጅ ደወለ።

«ጋሼ፣ ትልቁ ፍርሃቴ ምን መሰለህ፣ በርበሬውን ትንሽ ካበዛሁት ጠመን—»

«ድስቱ በል!»

«ድስቱ ፊቴ ላይ ይፈነዳል።»

«ታዲያ በርበሬውን በሚዛን ነዋ! በዓይን መጠን አይደለም። መጽሐፉ ከሚለው እንዳታልፍ።»

«አንዳንዴ ደግሞ ምንም በርበሬ ሳይገባበት ያልፋል። ያኔ ለውዙ አፉ ላይ ይቀረቀራል።»

«እሱ ከፈነዳው አይተናነስም። ሳታውቅ ሁለተኛ ብትለኩስ አለቀልህ።»

ታክሲው ጸጥ አለ። ረዳቱ እንኳ መጣራቱን ትቶ ዘወር ብሎ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ይሄ በርበሬ ከየት ነው የሚገዛው? የእኛ ሰፈሩ ጨርሶ አያቃጥልም።»

በዚያ ሳምንት ፎቶ በቴሌግራም ይጎርፍልኝ ጀመር፦ ቀይ ምጣድ፣ አረንጓዴ ምጣድ፣ ሰማያዊ ምጣድ። ለካ ይህም የራሱ ጊዮርጊስና ቡና አለው። አሜሪካ ውስጥ ባለ ቀዩ ባለ ሰማያዊውን ያሽሟጥጣል፣ ባለ ሰማያዊው ሁለቱንም ይንቃል፣ ባለ አረንጓዴው ዝም ብሎ አያቱ የገዙትን ብረት ይወለውላል።

ቀዩ ሊ ይባላል። ሪቻርድ ሊ የተባለ ሰው በ1958 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲጀምር የሸጠው ጭራሽ ማሽን አልነበረም፤ በመዶሻ እየመቱ ጥይት የሚሞሉበት በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነበር። መዶሻና ጥይት! አያቴ ቢሰሙ ሰውየውን እንደ ዘመድ ያቅፉት ነበር። አረንጓዴው አር.ሲ.ቢ.ኤስ. ነው፤ ፍሬድ ሃንቲንግተን በ1943 ካሊፎርኒያ ኦሮቪል ውስጥ ነው የጀመረው። የስሙ መነሻ ሮክ ቸክ የሚሏት ድንጋይ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ ጉንጫም አውሬ ናት፤ እሷን ለመምታት የሚሆን አረር መሥሪያ ነበር የመጀመሪያ ዕቃው። እንግዲህ ሽኮኮ የምታክል ፍጥረት ዝሆን የሚያክል ስም አትርፋለች። ሰማያዊው ዲሎን ነው፤ የመሠረተው ማይክ ዲሎን የቲ.ደብሊው.ኤ. አብራሪ ነበር። ይህን ስሰማ ልቤ ወደ ሰማያዊው አዘነበለ፤ ምክንያቱም የእኛን አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም እጁን ይዞ ያራመደው ይኸው ቲ.ደብሊው.ኤ. ነው። ዝምድና በሌለበት ዝምድና መፈለግ የእኔ ብቻ በሽታ አይደለም መቼም።

ከቀለሙ በስተጀርባ ያለው ልዩነት ግን ይኼ ነው። ነጠላው ምጣድ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል። ሃምሳውን ቀለህ አንድ ባንድ ወደ ልኩ ታስገባለህ፤ ከዚያ ቅርጹን ትቀይርና ለሃምሳውም አረር ትከድናለህ። ሁለተኛው ዓይነት አናቱ ላይ ቅርጾቹን ሁሉ በአንድ ክብ ተሸክሞ የሚሽከረከር ነው፤ መፍታትና ማሰር የለም፣ አናቱን አዙሮ መቀጠል ነው። ሦስተኛው ፋብሪካ ነው፦ ቀለሆቹ ከታች በክብ ሳህን ላይ ተደርድረው ይዞራሉ፣ በእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ሥራ ይሠራባቸዋል፤ አንዴ ከሞላ በኋላ እጀታውን በሳብክ ቁጥር አንድ ያለቀለት ጥይት ዱብ ይላል። የአጎቴ ልጅ ዓይኑ የወደቀው ዱብ የሚለው ላይ ነው። ሰው ነውና።

እኔ ደግሞ ያላየሁትን ማሽን መምከር አልወድም። ፕሬስ ካልኩማ ብዬ የሰፈራችንን አደባባይ ተሻግሮ ወዳለው ልብስ ንጽሕና ቤት ሄድኩ፤ እዚያ የእንፋሎት ፕሬስ አለ። ልጁ ትሑት ነው፣ ወንበር ሳበልኝ።

«ፕሬስ ስትመርጡ ምኑን ነው የምታዩት?» አልኩት።

«እንደ ሥራው ነው፣ አባባ። ለምን ፈልገውት ነው?»

«ለመተኮስ።»

«እኛም ለመተኮስ ነው። በቀን ስንት ይተኩሳሉ?»

«እኔ አይደለሁም፤ የአጎቴ ልጅ ነው። በዓመት አርባ።»

አዘነልኝ። «በዓመት አርባ ሱሪ ለመተኮስ ፕሬስ ምን ያደርጋል፣ አባባ? በእጅ ካውያ ይተኩስ እንጂ።»

ባለቤቴ በኋላ የደረሰችበትን ፍርድ ይህ ልጅ ነፃ ሰጥቶኝ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ሱሪ መስሎኝ አሳለፍኩት።

ቀጥሎ የሄድኩት ቀለበት መንገዱ ዳር ጀበና ቡና የሚጠጡት ሻምበል ባሻ ዘንድ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በክቡር ዘበኛ ተቀጥረው ከሁለት መንግሥት ጡረታ የተረፉ ሰው ናቸው። ለእሳቸው በምስጢር ቋንቋ መናገር ነውር ስለሆነ በቀጥታ ነገርኳቸው፤ የጥይቱንም ዓይነት ጨምሬ። ፈረንጆቹ ሠላሳ ዜሮ ስድስት ይሉታል፤ ስድስቱ የወጣበት ዓመት ነው፣ 1906 በነሱ።

«የኤም ዋን ጥይት!» አሉ ስኒያቸውን አስቀምጠው። «የእኔን ጥይት ነው የሚሠራው በለኛ!»

እውነትም እሱው ነው። በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘምት የታጠቀው ጠመንጃ ይህንኑ ይበላል። ስምንት ጥይት በአንድ ማቀፊያ ይጎርሳል፣ ስምንተኛው ሲወጣ ባዶው ማቀፊያ «ጭንግ!» ብሎ ወደ ላይ ይዘላል። ሻምበል ባሻ «ጭንግ»ን በአፋቸው ሲያሰሙ ቡና የምትቀዳው ልጅ ደነገጠች።

«ሻምበል ባሻ፣ እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይገዛሉ?»

«እኔ ጥይት ገዝቼ አላውቅም» አሉ። «ጥይት ይሰጥሃል፤ ቀለህ ትመልሳለህ። መቶ ወስደህ መቶ። አንድ ቀን ኢላማ ተኩሰን ስንጨርስ ዘጠና ዘጠኝ ሆነ። ሣሩን በጣታችን እያበጠርን መሸ። አልተገኘም። እራት ተከለከልን። ሌሊት አሥር አለቃው ቡትስ ሊያወልቅ ሲል ከውስጡ ዱብ!» ቡናቸውን አነሱ። «ለዘመድህ ንገረው። ምጣዱን ይተወውና መቁጠር ይልመድ።»

ሻምበል ባሻ ያሉት ከአያቴ ጋር አገናኘኝ። አያታችን መንዜ ነበሩ፤ ውጅግራ ነበራቸው። ውጅግራ ማለት ፈረንሳዮች በ1874 ያወጡት የግራ ጠመንጃ ነው፤ «ፉዚ ግራ» ያሉትን እኛ በአንድ ትንፋሽ አገርኛ አደረግነው። አያታችን ዝናራቸው ላይ ያለውን ጥይት ከልጅ ልጆቻቸው ስም በተሻለ ያውቁት ነበር፦ «ይቺ አዲስ ናት፤ ይቺ ሁለቴ የወለደች ናት፤ ይቺ እንኳ ከሽፋለች፣ ለግርማ ነው።» ሁለቴ የወለደች የሚሏት ዳግም የተሞላችውን ነው። በጣሊያን ጊዜ ቀለህ የጣለ ሰው እህል ከደፋ ሰው እኩል ይወቀስ ነበር ይሉን ነበር። ምጣዳቸው ምን እንደነበር አልነገሩንም፤ እኛም ልጆች ነበርንና የጠየቅነው ስንት ሰው እንደገደሉ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዘመንማ ጥይት ገንዘብ ነበር። በምኒልክ ጊዜ በብዙ ገበያ የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ለማርትሬዛ ብር መመንዘሪያ ሆኖ ይሄድ ነበር፤ ዶሮ ገዝተህ መልስህን በጥይት ትቀበላለህ። አሁን እንግዲህ አስቡት፤ ቀለህ መልሶ የሚሞላ ሰው በዚያ ዘመን ጥይት ሠሪ ሳይሆን ብር አታሚ ነው። አንዳንዱ ብልጥ ባሩዱን ቀንሶ አሸዋ ሳይጨምርበት የቀረ አይመስለኝም፤ ነጋዴ ደግሞ ገበያ መሐል ተኩሶ አያረጋግጥም። የአጎቴ ልጅ ፕሬስ ሲለኝ ማተሚያ የመሰለኝ ለካ ያን ያህል አልተሳሳትኩም።

ወደ ምርጫው ልመለስ። የሰማያዊውን ቪዲዮ ሲልክልኝ፣ እጀታው ሲሳብ ዱብ፣ ሲሳብ ዱብ፣ የታየኝ የማተሚያ ቤታችን ሃይድልበርግ ነው። ሃይድልበርግን የሚያውቅ ያውቀዋል። በሁለት ክንዱ ወረቀት እያነሳ እያስቀመጠ በሰዓት እስከ 5 ሺህ ያትማል፤ አጠገቡ ስትቆም ልብህ በእሱ ምት ይመታል። ከእሱ በፊት የነበረው ማሽን በእግር የሚረገጥ፣ ወረቀቱን ሠራተኛው አንድ ባንድ በእጁ የሚያጎርሰው ነበር። ሰውየው ወረቀት ባነሳ ቁጥር ዓይኑ ያርፍበታል፤ ሳያስበው አራሚ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አንድ የሠርግ ካርድ መጣ። ጥድፊያ ነበር። ሦስት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩ። 3 ሺህ ካርድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ታሽጎ ወጣ። ማታ ቤቴ እግሬን ስታጠብ አንዱን ናሙና ከኪሴ አውጥቼ ሳይ፣ በወርቅ ቀለም፣ በሐረግ ተከቦ፦ «እንኳን ደስ አላላችሁ!»

አንዲት «ላ»። በእግር በሚረገጠው ማሽን ቢሆን አሥረኛው ላይ አንድ ሰው ይስቅ ነበር። ሃይድልበርግ ግን አይስቅም።

ስለዚህ ለአጎቴ ልጅ የምለው በርበሬ ሁለቴ የገባበትን ወይም ጭራሽ ያልገባበትን ስኒ ማን ያየዋል የሚለውን ነው። ፋብሪካው ላይ ያይልሃል የሚሉት መብራትና ደወል አለ፤ ብዙ ለሚተኩስ፣ ለውድድር ለሚለማመድ ሰው እውነትም እሱ ነው የሚሆነው። ነጠላው ምጣድ ላይ ግን ሃምሳ ቀዳዳ ባለው ሳንቃ ላይ ቀለሆቹን አቁመህ፣ በርበሬውን አድርገህ፣ ለውዙን ከመክደንህ በፊት ባትሪ አብርተህ ሃምሳውንም ቁልቁል ታያቸዋለህ። ይህ ለእኔ ናሙና ማንበብ ነው። ሃምሳ ቃል ያለበት አንድ ገጽ።

ይህን ሁሉ ላስረዳው ስዘጋጅ ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ለስንት ሰው ነው የምትጋግረው?»

«ማለት?»

«በዓመት ስንት ትተኩሳለህ?» ምስጢር ቋንቋው የእሷ ስለሆነ እሷው አፈረሰችው።

«ለልምምድ አርባ። ለአደኑ አንድ፤ ከሳትኩ ሁለት።»

«ለአርባ እንጀራ የእንጀራ ፋብሪካ ይተከላል? ነጠላ ምጣድ ግዛ። ከባድ ይሁን፣ ብረት ይሁን፣ ሲሰፋልህ ሌላ ታያለህ። ደግሞ ምጣዱ ፊት ቆመህ ከሰው ጋር አታውራ፤ ስንቱ እንጀራ በወሬ ነው ያረረው። ሥጋውን ባርክ።» ስልኩን መለሰችልኝ።

አረንጓዴውን ገዛ። የመጀመሪያዋን ሃያ ጥይት ለመሥራት ቅዳሜውን ሙሉ ፈጀበት። ጋራዡ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ቀለሆቹን በሳንቃው ላይ አቁሞ ባትሪ ሲያበራባቸው በቪዲዮ አሳየኝ፤ እኔም ከመካኒሳ መነጽሬን አድርጌ አብሬ አነበብኩ። ከሁለት ወር በኋላ ስንት እንዳተረፈ ጠየቅኩት።

«በአንዱ ጥይት ላይ ጥሩ አተርፋለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። «ግን ሥራው ስለጣመኝ አሁን በወር መቶ እየተኮስኩ ነው። እና… ያን ሰማያዊውን ብገዛው ምን ይመስልሃል?»

መልስ ሳልሰጠው ሌላ ነገር አስከተለ። የአያታችን የውጅግራ ቀለህ እኔ ዘንድ እንዳለች ያውቃል። ሌሎቹ በየዘመኑ ተበትነው እሷ ብቻ ተርፋለች፦ ወፍራም፣ ጣት የምታክል፣ ናሷ የጠቆረ፣ አፏ ላይ የእንጨት ውታፍ ያላት። አያቴ ሴቷ ለኩል ማስቀመጫ አድርገዋት፣ ለእናቴ፣ ከእናቴም ለባለቤቴ ደረሰች። «መተኮሻ የላትም፣ አውቃለሁ» አለኝ። «ፕሬሱ አናት ላይ ላቆማት ብዬ ነው። ባዶ ቀለህ እኮ ናት፤ ለሚመጣ ሰው ስጥልኝ።»

እኔ የቦሌው ፍተሻ ላይ ኤክስሬዩን የሚያየው ልጅ ፊት ታየኝ። ባለቤቴ ግን መስተዋት ፊት ነበረች። ለነገ ለአቦ ንግሥ እየተዘጋጀች፣ ውታፉን ነቅላ ዘንጓን ከቀለሁ ውስጥ ስባ የግራ ዓይኗን ስትኳል ሁሉንም ሰምታለች።

«ባዶ ቀለህ የለንም በለው» አለች፣ ቀኙን እየጀመረች። «ይቺ ሙሉ ናት።»